«ልቀቀው» ያልከኝ ቀን

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አመዳዩ ግን ዘንድሮም አልማረንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተቀይሜህ ነበር። ስለ ታናሽ ወንድሜ «ልቀቀው» ያልከኝ ቀን፣ ወንድም ስለሌለው ነው እንዲህ የሚቀለው አልኩ በልቤ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ያ የድሮ ድራማችን ነው፣ ሱፐርናቹራል፤ አጋንንትን የሚያሳድዱት የሁለቱ አሜሪካውያን ወንድማማቾች፣ የዲንና የሳም ታሪክ። ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ የምናየው። አንተ መኪናዋን ነበር የምትወደው፣ ጥቁሯን የ1967 ኢምፓላ። እኔ ደግሞ ታላቁን ወንድም፣ ዲንን። ቤታቸው ሲቃጠል ገና የ4 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ የ6 ወሩን ሳምን አስታቅፎ «ይዘኸው ውጣ» አለው። ከዚያ ወዲያ ከእጁ አላወረደውም። ሳም ሲሞት እንኳ ነፍሱን ሸጦ አስነሳው፤ ለራሱ የቀረችው አንድ ዓመት ብቻ ነበረች። ፍቅር ማለት ይኼ ነው ብዬ አመንኩ። አባባ ካረፈ ወዲህ እኔም ወንድሜን የያዝኩት እንደዚያ ነው።

ሰሞኑን አምስተኛውን ሲዝን ደግሜ አየሁት። መላእክቱም አጋንንቱም ለሁለቱ የሚሏቸው አንድ ነው፤ ታላቁ የሚካኤል፣ ታናሹ የሉሲፈር ማደሪያ ትሆናላችሁ፣ ተጽፏል። በእኛ አነጋገር የአርባ ቀን ዕድላችሁ ነው። ግን ሰውየው «እሺ» ካላለ መልአክ አይገባበትም። ያቺን አንዲት ቃል በጉልበት የሚነጥቅ የለም። እኛስ «እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ስደድ» እየተባልን አይደል ያደግነው? ሚካኤልን እንዲያ ጨካኝ ማድረጋቸው አሁንም ይከነክነኛል። እዚህች ላይ ግን ልክ ናቸው።

ሳም «ሉሲፈርን እሺ ልበለውና ይዤው የሚታሰርበት ጉድጓድ ልግባ» ሲል ዲን ምን እንደሆነ አስታውስ። ለወንድሙ መሞት ቀሎት የኖረ ሰው፣ ወንድሙ የመረጠውን መቀበል አቃተው። በመጨረሻ ተቀበለ። ሚካኤልና ሉሲፈር ሊፋለሙበት የነበረው መቃብር ቦታ ድረስም ሄደ። ሉሲፈር በሳም እጅ ፊቱን ሲያፈርሰው አልሸሸም፤ «አለሁ፣ ጥዬህ አልሄድም» ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የመኪናዋ መተርኮሻ ውስጥ፣ ሳም በልጅነቱ የሰካት ትንሽዬ የፕላስቲክ ወታደር ታየች። ሳም ነቃ። ሰይጣንን ይዞ በራሱ ፈቃድ ገባ።

እዚያ ላይ አቆምኩት። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ትቶ መንዝ ሲመለስ፣ የአባባን በጎች ልያዝ ሲል፣ ስልኩን ዘግቼበት ነበር። ማንም አላስገደደውም። እኔ ግን የማላውቀው ሰው ሆንኩበት።

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ብዙ አልተነጋገርንም። በጎቹን አስገባ፣ በረቱን ዘጋ፣ ስንቀጠቀጥ አየኝና የአባባን በርኖስ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ጠርዙ ላይ በነጭ ክር የተጣፈች ቦታ አለች። ልጆች ሆነን እኔ ልልበስ እኔ ልልበስ ስንጓተት የቀደድናት ናት፤ እናታችን ጥቁር ክር አጥታ በነጭ ሰፋችው። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እሱም አየኝ፣ ምንም አላለኝም።

ይቅር በለኝ ወንድምዓለም። ለጥምቀት ና፣ መንዝ አብረን እንውጣ። ወንድሜ ሲሸኘኝ መንገድ ላይ የጠየቀኝ ያንተን ነገር ነው፤ «ያ ጓደኛህስ? ይዘኸው ና» አለኝ።

አክባሪህ፣ የድሮ ጓደኛህ