የዲንሾ ጉዞ፦ እስከ ሐሙስ ምላሽ ስጡን

ሰላም የቡድናችን አባላት! በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ ዲንሾ ጎጆ ቤት ተከራይተን ለማደር አስበናል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ምግቡም አያስቸግረንም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሐዋሳ ፒያሳ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት እንነሳለን። መንገዳችን በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ ነው። እባካችሁ አታርፍዱ፤ ደጋ አጋዘኖቹን ሳይመሽ ማየት አለብን።

ብርዱን አትናቁት። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። የሐዋሳ ሹራብ አይበቃም። ወፍራም ጃኬት፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ባትሪና የየራሳችሁን ብርድ ልብስ ያዙ። ልጆች ያላችሁ ደግሞ ትርፍ ልብስ ጨምሩ።

ምግብ ራሳችን እናበስላለን። እንጨት ከጫካው አይቆረጥም፣ ከሰል ከዚሁ ገዝተን እንሄዳለን። ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይቻልም። በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

የምንወስነው አንድ ነገር አለ፦ እሁድ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ከፍተኛ ሜዳ፣ ሳነቴ እንውጣ ወይስ ዲንሾ አካባቢ በእግር እንዙር? እኔ ሳነቴ ብንወጣ ደስ ይለኛል፤ ቀበሮዎቹን የማየት ዕድላችን እዚያ ይሻላል። ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ወደ ሐዋሳ ስንመለስ ይመሽብናል።

ስንት ሰው ሆናችሁ እንደምትመጡና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ቁጥራችን ሲታወቅ የየድርሻችሁን እናሳውቃለን፤ ክፍያው በቴሌብር ነው።