ማኑዋሉን አንዴ ብቻ እንጻፈው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ስልክ፣ ስለ አፕሊኬሽን ብዙ ትጽፋላችሁ፤ ደስ ይላል። ከዕቃው ጋር ስለሚመጣው ማኑዋል ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ የምተዳደረው በእሱ ነው።

አንድ ገጠመኝ ላንሳ። ቀደም ሲል በምሠራበት ድርጅት የአንድ ማሽን ማኑዋል በሦስት መልክ ነበረን፤ ለተጠቃሚው በዎርድ፣ ለቴክኒሻኑ በፒዲኤፍ፣ ድረ ገጹ ላይ ደግሞ አጠር ያለ። መሐንዲሶቹ ፊውዙን ከ16 አምፔር ወደ 10 አወረዱት። ዎርዱን አስተካከልኩ፣ ድረ ገጹንም አስተካከልኩ፣ ፒዲኤፉን ረሳሁት። ከወራት በኋላ አንድ ቴክኒሻን ደውሎ ሁለቱን ጎን ለጎን እያነበበልኝ “የቱን ልመን?” አለኝ። አፈርኩ። ግን እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቁጥር ሦስት ቦታ እስከተጻፈ ድረስ አንዱ ጋ መረሳቱ አይቀርም።

መፍትሔውን የሙያው ሰዎች “ሲንግል ሶርስ” ይሉታል። ጽሑፉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ፒዲኤፉም ድረ ገጹም ከዚያው ይወጣሉ። አዲስ ነገር አይደለም። ለዚህ የሚሆን ዶክቡክ የሚባል የአጻጻፍ ቅርጸት የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1991 ነው፤ ከአይቢኤም የወጣው ዲታ የሚባል ሌላ ቅርጸት ደግሞ በ2005 ኦአሲስ የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት መስፈርት ሆኗል። ስሞቹ አያስደንግጧችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውድ ሶፍትዌር ይገዛና የድሮውን ዎርድ እንዳለ ይገለብጥበታል። በነጻ የነበረው ዝርክርክ በገንዘብ ሆነ ማለት ነው።

እኔን ከሰማችሁኝ መጀመሪያ ያሏችሁን ማኑዋሎች አትሙና እየተደጋገመ የሚመጣውን በእስክሪብቶ አስምሩበት። “ከመክፈትዎ በፊት ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ” የሚለው ማስጠንቀቂያ እኛ ጋ 9 ቦታ ነበር፣ ያውም አጻጻፉ እየተለያየ። እሱን ለብቻው አንድ ፋይል አድርጉት፤ ሌሎቹ ከዚያ ይጥሩት። አስኪዶክ የሚባለው ቀላል የጽሑፍ ቅርጸት ለዚህ የሚሆን፣ ሌላ ፋይል ጠርቶ የሚያስገባ “ኢንክሉድ” የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ማርክዳውን የሚባለው አቻው በራሱ የለውም፣ ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለቱም ተራ ቴክስት ስለሆኑ ጊት በሚባለው የፋይል ለውጥ መዝጋቢ ሶፍትዌር ላይ ብታስቀምጧቸው ማን መቼ ምን እንደቀየረ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከዚያ አጻጻፉ ራሱ አለ። “ገጽ 14ን ይመልከቱ” ድረ ገጽ ላይ ምን ትርጉም አለው? ገጽ የለማ! “ከላይ እንደተገለጸው” የሚለውም ያው ነው፤ አንቀጹ ሌላ ማኑዋል ውስጥ ሲገባ ከላዩ ምን እንደሚኖር አታውቁም።

አማርኛ ላይ ደግሞ የባሰ አለ፣ እኔም ካደረግሁት በኋላ ነው የገባኝ። የዕቃውን ስም ተለዋዋጭ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እንደ ዕቃው የሚሞላው ክፍት ቦታ አድርጌ፣ “ፓምፑን ያጥፉ” ውስጥ “ፓምፕ” የነበረውን ኮምፒውተሩ በ“መቆጣጠሪያ” ሲተካው “መቆጣጠሪያኡን ያጥፉ” የሚል ጉድ ወጣ። እንግሊዝኛው “ዘ”ን ለብቻዋ ስለሚያቆማት ይህ ጣጣ የለበትም። የእኛ ፊደል ግን “ፑ” ላይ “ኡ”ን ከቃሉ ጋር አዋህዶ ይጽፈዋል፤ መቀስ አይለየውም። አሁን ተለዋዋጭ የማደርገው ቁጥርንና የሞዴል መለያን ብቻ ነው። የዕቃው ስም ከተቀያየረ “መሣሪያውን” ብዬ እገላገላለሁ።

ባለሁለት ገጽ መመሪያ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ዎርዱ ይበቃዋል፣ ዝም ብሎ ይጻፍበት። አንድ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ሦስት ፋይል መክፈት የጀመረ ግን ከዚያችው ቁጥር ይጀምር። እኔ የጀመርኩት ከፊውዙ ነው።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
አንድ የማኑዋል ጸሐፊ