ግሬድ ልመና ይቅር

ውድ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

ውጤት በተለጠፈ ቁጥር መምህራን ቢሮ በር ላይ የማየው ሰልፍ በጣም እያሳሰበኝ ነው። «መምህር፣ ለቢ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የጎደለኝ፣ ትንሽ ይጨምሩልኝ!» ሁለቷ ነጥብ እኮ ኩዊዝ የተቀረ ቀን የቀረች ናት። የቡድን አሳይንመንትም ሁለት ሰው ይሠራዋል፣ አምስት ስም ይጻፍበታል።

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ማለፊያው 50 ከመቶ ነበር። ለምረቃ የደረሱ ብዙ ተማሪዎች ወደቁ። እዚያ ኮምፒውተር ፊት ነው የሚቀመጡት፣ የሚለመን መምህር የለም። በይሉኝታ የሚጨምሩ መምህራንም ሌሊቱን ያነበበውን ልጅ ልፋት ያረክሳሉ።

ስለዚህ በእኛ ቡድን ያልሠራ ሰው ስም አይጻፍ። እርማት ላይ ስህተት ያገኘ ግን ወረቀቱን የማየት መብት አለው፤ ንገሩኝ፣ አብሬ እሄዳለሁ።