ያችን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አንሺያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ ክረምቱ ሲወጣ ይሻለዋል ብለን እንጠብቃለን። ደብረ ሲና ጉሙ ከወረደ ሳምንት ሆነው፤ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። ቆሎውን ከድኜ ነው የማስቀምጠው፤ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ጉሙ ይገባበትና ጥርስ ላይ መንኳኳቱን ይተዋል።

እሁድ ዕለት የዚያችን ሴትዮ ነገር በስልክ ስትነግሪኝ ዝም ማለቴ ሳይከነክንሽ አልቀረም። ዝም ያልኩት ከአፌ የሚወጣው ቁጣ ብቻ እንዳይሆን ፈርቼ ነው። ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩና መጻፍ ይሻላል አልኩ፤ ወረቀት ላይ ያለ ቃል ተመልሶ ይነበባል።

ነገሩን እንደነገርሽኝ ልድገመው። ሴትዮዋ ለፍልሰታ ብላ ደብረ ብርሃን ካለው ሱቅሽ ሁለት ኪሎ በሶ ገዛች። በሦስተኛው ቀን ይዛው መጥታ "ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ልጆቼ ከቅዳሴ ተመልሰው ሊቀምሱት አልቻሉም" አለችሽ። አንቺ ግድግዳው ላይ ወደለጠፍሽው ወረቀት በጣትሽ አመለከትሽ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም"። እርሷም ምንም ሳትናገር በሶውን ባንኮኒው ላይ ትታው ወጣች። ይህን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ክርክር የረታ ሰው ድምፅ ነበር። ልቤን የነካው እርሱ ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ከረጢቱን ከፍተሽ አሸተትሽው?

እኔ ሳላየው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያው ሳምንት "ፈላጊው በዛብኝ፤ ከወፍጮ ቤት ያመጣሁትን ማታውኑ ሳሽግ አመሸሁ" ብለሽኝ ነበር። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ እጅሽን ብትከቺበት ይሞቅሻል። እንደ ሞቀ ላስቲክ ውስጥ ሲታሸግ ያልበዋል። ላቡ ላስቲኩ ላይ እንደ ጤዛ ይቋጠርና ተመልሶ ዱቄቱን ያረጥበዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ ውስጡ ሞቃት፣ ውጭው ቀዝቃዛ ሲሆን ጤዛው ይበዛል። ከዚያ ሻጋታው የቀናት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሶውን ንጹሕ ሸራ ላይ በስሱ አስጪው፣ ነጠላ ጣል አድርጊበትና ይደር። ጠዋት መዳፍሽን ስትጭኚበት ከቀዘቀዘሽ ያን ጊዜ አሽጊው። ገብሱንም ከወፍጮ በፊት በጥርስሽ ሞክሪው፤ እስከ ውስጡ የተቆላ ገብስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እሳት ተቸኩሎበት ላዩ ጠቁሮ ውስጡ እርጥበት የያዘ ገብስ፣ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ችግሩን ይዞ ነው የሚደርሰው።

አየሽ ልጄ፣ ይህን ልታሳውቅሽ ከቤቷ ድረስ የመጣችውን ሴት ነው ባዶ እጇን የሸኘሻት። ከዚያው ከአንድ ወፍጮ በሶ የገዙ ሌሎችም አሉ። እነርሱ አልመጡም፤ ጥለውት ሌላ ሱቅ ሄደዋል። እነዚያን ቁጠሪያቸው ብልሽ መቁጠር አትችይም። የመጣችልሽ አንዲት ናት።

እኔም በዚህ ነገር ንጹሕ አልነበርኩምና እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ቆሎ መሸጥ የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። የደሴ አውቶቡስ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ሲጨርስ እዚህ ይቆማል። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር የተጓዘ መንገደኛ እግሩን ሊያፍታታ ይወርዳል፣ የደከመው በመስኮት አንገቱን ያወጣል፣ እኛ ሴቶች ደግሞ ሰፌዳችንን ይዘን ሥር ሥሩ እንሯሯጣለን። የምንሰፍረው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ የምንጠቀልለውም በደብተር ወረቀት። ከእኔ በፊት ገበያውን የለመደች አንዲት ሴት የጣሳው ቂጥ በድንጋይ እየተቀጠቀጠ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አሳየችኝ። ለሚያየው ጣሳው ያው ጣሳ ነው፤ ከየልኩ ግን አንድ ጭብጥ ቆሎ ይቀራል። እኔ ከላይ ምራቂ ብዬ በጣቴ ቆንጥሬ እጨምርበታለሁ፤ ገዢው "እግዜር ይስጥልኝ፣ ያብዛልሽ" ይለኛል። ካጎደልኩት ላይ ቆንጥሬ እየሰጠሁ ምርቃት እቀበል ነበር።

"መንገደኛ ተመልሶ አይመጣም" እንባባላለን። አንድ ቀን፣ ወደ ደሴ ሲሄዱ ሁለት ልክ የገዙኝ ሽማግሌ በሳምንታቸው ሲመለሱ ከአውቶቡሱ ወርደው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ገንዘባቸውን ከፈሉ፤ ሰፈርኩላቸው። "ጣሳሽን አንዴ ስጪኝ፣ ልጄ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ገለበጡትና አውራ ጣታቸውን በጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት፤ እስከ አንጓው ገባ። አልጮሁም፣ አልሰደቡኝም። ጣሳውን መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡና ወደ አውቶቡሱ ወጡ። የከፈሉበትን ቆሎ አልወሰዱም።

የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ለተሳፋሪው "ከዚያችኛዋ አትግዙ" እያለ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ አባትሽን ጠይቂው። ጣሳውን ማታ በዘነዘና ከውስጥ ወደ ውጭ ላቃናው ብል ተሰነጠቀ። ተበድሬ ኩባያ ገዛሁ፤ አሁን ጠርዟ የተላጠችው፣ አንቺ በልጅነትሽ ውኃ እየጠጣሽባት የምቆጣሽ ነጭ ኩባያ ያች ናት። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ቆሎአቸው ለብዙ ቀን ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መሸጥም መብላትም አቃተኝ።

ይህን ያነሳሁት የአንቺን ሱቅ ሳስበው ነው። ሱቅሽ ያምራል። ለገባው ሁሉ "እንኳን ደህና መጡ" ትያለሽ፣ ፊትሽ ብሩህ ነው፣ ለሕፃናት ዳቦ ቆሎ ትቆነጥሪላቸዋለሽ፣ ከረጢቱ ላይ ስምሽ ታትሟል። ሁሉም ደስ ይለኛል። ሁሉም ግን ምራቂ ነው። ልኩ ያልሻገተ በሶ ነው፤ ሻግቶ ከተገኘም ያለ ንግግር የሚለወጥ በሶ። መጀመሪያ ልኩን ሙይው፤ ምራቂው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ያችን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አንሺያት። ሁሉም ሱቅ ለጥፏት ስላየሽ ሕግ መስላሽ ይሆናል። ሕጉ ሌላ ነው የሚለው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 813 ነው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የዋጋ ዝርዝርም ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ ወረቀቷን ባነሳሽበት ቦታ ዋጋውን በጉልህ ጽፈሽ ለጥፊ። ሴትዮዋ ክስ አልፈለገችም እንጂ ብትፈልግ ወረቀትሽ አያድንሽም ነበር። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ክሱ አይደለም። ያች ወረቀት ለሚገባው ሰው ሁሉ ገና ሳይገዛ "በኋላ አላውቅህም" ትለዋለች። ደንበኛ የምንለው እኮ ከደንብ ነው፤ በእርሱና በአንቺ መካከል ደንብ አለ፣ ነገም ያው ነሽ ብሎ ነው የሚመጣው።

አንዳንድ ሰው በልቶ ጨርሶ፣ ከረጢቱ ሥር ሲቀር "አልጣመኝም" ብሎ ይመጣል። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ በትሕትና እምቢ ማለት ትችያለሽ። ለጥቂቱ ብለሽ በብዙው ፊት በር አትዝጊ። በወር ጥቂት ከረጢት ይመለሳል ብለሽ ከመነሻው ሒሳብሽ ውስጥ አስገቢው፤ ሲመለስም ደብተር ላይ ቀኑንና ምክንያቱን ጻፊ። ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ምክንያት ካየሽ ችግሩ ከሰው አይደለም፤ ከገብሱ፣ ከወፍጮው ወይም ከአስተሻሸጉ ነው።

የምትረዳሽን ልጅ ነገር አደራ። በሰው ፊት ስትገሥጫት ሰምቼሻለሁ። እርሷ ለገዢ የምታሳየው ፊት አንቺ ለእርሷ ያሳየሻት ፊት ነው። የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ አንቺን ሳትጠብቅ እንድትለውጥ ፈቃድ ስጫት፤ ባለቤቷ እስክትመጣ ተብሎ ሰው በር ላይ ሲቆም ቁጣው እዚያው ያድጋል። ይቅርታ ስትጠይቁም "ይቅርታ፣ ግን..." አትበሉ። ከ"ግን" በኋላ የሚመጣው ይቅርታውን ይወስደዋል። "ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አሁን እንለውጥልዎ" ይበቃል።

ዱቤን በተመለከተ አባትሽና እኔ አንስማማም። እርሱ "ጭራሽ አትስጥ" ባይ ነው። እኔ ግን በደመወዝ የሚኖር ሰው፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሠራተኛም ሆነ መምህሩ፣ የወሩ መጨረሻ እንዴት እንደሚረዝምበት አውቃለሁ። ባይመለስ ሱቅሽን የማያዘጋውን ያህል ብቻ ስጪ፤ በፊቱ ጻፊ፣ ለእርሱም በትንሽ ደብተር ጽፈሽ ስጪው፣ ያኔ ወር ሲሞላ ክርክር የለም። ስትጠይቂም ለብቻው። እኔ አንዲት ጎረቤቴን ማኅበር ላይ፣ ጠላው እየተቀዳ፣ በሰው መካከል "ያችን ነገር እንዳትረሺ" አልኳት። በማግስቱ ጠዋት አምጥታ ከፈለችኝ። ሰላምታዋ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዓመታት አለፉ፣ አሁንም እንደዚያው ነው። የሱቁንም ገንዘብ ከጓዳው ገንዘብ ለዪ፤ ይህን ብዙ ጊዜ ስለነገርኩሽ አልደግመውም።

ዋጋ መጨመር ግድ ሲሆን ከረጢቱን አታሳንሺ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ላስቲኩም፣ ዘይቱም፣ የመኪናው ኪራይም እንዴት እንደወጣ አይተናል። በዚያ ሰሞን አንድ ኪሎ ይባል የነበረውን ዝም ብለው 900 ግራም ያደረጉ ነጋዴዎች ነበሩ። ገዢ ዋጋ ሲጨመርበት ያማርራል፣ ግን ይገባዋል፤ ኪሎ ሲቀነስበት ያወቀ ቀን ግን ያ የጣሳው አውራ ጣት ነው። ከመስፈርሽ በፊት "ይህን ያህል ጨምሯል" በዪ። ሚዛኑንም ወደ ገዢው አዙሪው፤ አሁን ወደ አንቺ ነው የዞረው፣ ባለፈው ስመጣ አይቼ ሳልናገር ተመለስኩ።

አያትሽ ሰንበቴ የእሁድ ገበያ ትወርድ ነበር። እዚያ ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው ይገናኛል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰላምታና ቁጥር ግን በየቋንቋው ታውቅ ነበር። "በቋንቋው ሰላም ያልሽው ሰው ሳይገዛሽም ቢሄድ ነገ በአጠገብሽ ያልፋል" ትለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደብረ ብርሃን ከየአገሩ ተማሪ ይመጣል፤ በመስከረምና በጥቅምት ሲገቡ ብዙዎቹ ከቤታቸው ሲርቁ የመጀመሪያቸው ይሆናል። ትልቁን ከረጢት መግዛት አይችሉምና ሩብ ኪሎም አሽጊላቸው፤ ሒሳቡ በኪሎ ያው ይሁን፣ በትንሽነቱ አታስወድጂባቸው። አንዲቱ ልጅ ለእናቷ "እዚህ አንዲት ሴት አለች" ብላ ስትደውል ይታየኛል።

ገብሱን ሐሙስ በጠዋቱ መኪና እልክልሻለሁ፤ ከላይ የታሰረው ከረጢት ተመጅ ነው፣ ለቆሎ እንጂ ለበሶ አታድርጊው። ባዶ ማዳበሪያዎቹን መልሺልኝ።

ሴትዮዋን ግን ከዘመን መለወጫ በፊት ፈልጊያት። የምትረዳሽ ልጅ ሰፈሯን አውቃለሁ ብላለች አልሽ አይደል? ሁለት ኪሎ አዲስ በሶ፣ አሳድረሽ ያሸግሽውን፣ ከገንዘቧ ጋር ይዘሽ ሂጂ። በሩ ላይ ቆመሽ አትስጪያት፤ ግቢ ካለችሽ ግቢ፣ ቡና ካፈላች ጠጪ። "እትዬ፣ ትኩሱን አሽጌው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" በያት፤ ሌላ አትጨምሪ። ባትቀበልሽም ትተሽላት ውጪ። እንደተመለስሽ ደውዪልኝ፤ ማታም ቢሆን አልተኛም።

እናትሽ