ለአዘጋጁ፦ አባቴን ተማሪው ተካው፣ እኔንስ ማን ይተካኛል?

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ራሴን ላስተዋውቅ። ህንዳዊ ነኝ፣ የተወለድኩት ኬራላ ኮታያም ነው፣ በሙያዬ የጨርቃጨርቅ ኢንጂነር ነኝ። አማርኛውን ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ ያደኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ በ1960 ዓ.ም. ሂሳብ ሊያስተምር ሲመጣ አምስት አመቴ ነበር፣ በ1970 ስንሄድ አስራ አምስት ሞልቶኝ ነበር፣ ስለዚህ ብይ የተጫወትኩትም የተደባደብኩትም በአማርኛ ነው። ከዛ ስንት አመት ቆይቼ በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ የልብስ ፋብሪካ የፕሮዳክሽን ማናጀር ሆኜ ተመለስኩ፣ ይኸው እስካሁን አለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ የምናገረው የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የምፅፍላችሁ በቅርቡ ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ውጭ ሀገር ባለሙያዎች አንድ አንባቢ የፃፉትን አይቼ ነው። በዶላር እየተከፈላቸው እኛ የምንችለውን ስራ ይሰራሉ፣ ሰራተኛውን ይጮሁበታል፣ አመታት ቆይተው ሰላምታ እንኳን አያውቁም የሚል ነው ባጭሩ። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ምክንያቱም እኛ ህንዶች በዚህ ሀገር ያስተማርነውን ሰው አስቤ ከፋኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን ላይኑ ላይ፣ የስፌት ማሽኖቹ የተደረደሩበት መስመር ላይ ማለቴ ነው፣ ስዞር የሰውየው ፅሁፍ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ ዞሬ ዞሬ አብዛኛው ልክ ነው አልኩ። ቢሆንም ያላነሱት ነገር አለ፣ እሱን ልጨምርበት።

አባቴ የመጣው እንደሱ ብዙ መምህራን ከኬራላና ከሌላው የህንድ ክፍል በሚመጡበት ዘመን ነው። ጃንሆይ በ1949 ህንድን ጎብኝተው ነበር፣ ትንሽ ቆይቶ የሐረር ጦር አካዳሚ ሲከፈትም መኮንኖቹን ያሰለጠኑት ህንዳውያን ነበሩ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየአውራጃው ከተማ ተበትኖ ሂሳብና ሳይንስ ያስተማረው መምህር ነው። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ህንዳዊ መሆኔን ያወቀ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ የመጀመሪያ ወሬው "እኔን እኮ ሂሳብ ያስተማረኝ ህንድ ነው" ነው፣ ከዛ የመምህሩን አነጋገር እያስመሰለ ይነግረኛል፣ ፍቅር ስላለበት ደስ ነው የሚለኝ።

አባቴ ጠመኔ እንዳይባክን ሁሌ ለሁለት ሰብሮ ነበር የሚጠቀመው። አማርኛው ደካማ ነበር፣ ግን ሰሌዳው ላይ ፅፎ ዞር ብሎ "ገባችሁ?" ሲል ያልገባው ልጅ ካለ ደወል ተደውሎም አይወጣም። እናቴ ደግሞ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አንድ ቤተሰብ ነበረች። እኛ የማላንካራ፣ የህንድ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን፣ ተከታዮች ነን፣ በጥር 1957 አዲስ አበባ ላይ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ሲሰበሰቡ የኛም መሪ፣ ካቶሊኮሱ፣ ነበሩበት፣ ስለዚህ ለደብረ ማርቆስ እናቶች ሁዳዴን የምትፆም ህንድ ብዙም አልገረመቻቸውም። አፓም የሚባል በሩዝ የሚጋገር የኛ እንጀራ አለ፣ እሱ አልቦካ ሲላት ጎረቤታችን የነበሩት እማማ የጤፍ እርሾ በኩባያ አምጥተው ጨመሩላት፣ አይን አወጣ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ እናቴ በሌላ አልሰራችም።

በ1967 ዕድገት በህብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ተማሪዎች ሁሉ ገጠር ሄዱ፣ አባቴ ቤት ተቀምጦ የስም መጥሪያ ደብተሩን ያገላብጥ ነበር። ከዛ በኋላ የመጣውን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስማቸው ሲጠራ አቤት የሚል የጠፋባቸው ልጆች ነበሩ፣ አባቴ ግን ሳይጠራቸው አያልፍም ነበር፣ ጠርቶ ትንሽ ዝም ይልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ልንሄድ ስንል በሱ ቦታ የተመደበው መምህር በ1961 9ኛ ክፍል እሱ ራሱ ያስተማረው ልጅ ነበር። አባቴ ትልቁን የሰሌዳ ኮምፓስ፣ የእንጨቱን፣ ሰጠው። ልጁ በሁለት እጁ ተቀበለና ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል አባቴ ትከሻውን ይዞ አነሳው። ኮታያም ከገባን በኋላ ሰው ኢትዮጵያ ምን ሰርተህ መጣህ ብሎ ሲጠይቀው የሚያወራው ስለዚህ ልጅ ነበር፣ ስለ ደሞዙ ሲያወራ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። እኔ የምሰራበት ፋብሪካ ሸሚዝ ነው የሚሰፋው። እንደመጣሁ የነበሩት የላይን ሱፐርቫይዘሮች አብዛኞቹ ከህንድና ከስሪላንካ የመጡ ናቸው፣ ስራቸውን አብጠርጥረው ያውቃሉ፣ ማሽኑ ሲያቃስት ከሩቅ ሰምተው የትኛው እንደሆነ ይለያሉ። ግን ከልጆቹ ጋር የሚያወሩት በጩኸት ነው። አንዱ ቀኑን ሙሉ "ጃልዲ ጃልዲ" ይል ነበር፣ በሂንዲ ቶሎ በሉ ማለት ነው፣ ልጆቹ ስሙን ጃልዲ አሉት፣ እሱ አያውቅም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ኮሌታ የምትገጥም ልጅ፣ ገና ሶስተኛ ሳምንቷ ነው፣ የሰራችውን ሳምፕል ይዛ ሄዳ ለሱፐርቫይዘሩ አሳየችው። እሱ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አደረገ። ይሄ በኛ ሀገር እሺ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ እዚህ ግን አይሆንም ማለት ነው። ልጅቷ ቦታዋ ተመልሳ ያንን ብቻ ሳይሆን ከጠዋት ጀምሮ የሰፋችውን ኮሌታ በሙሉ አንድ በአንድ በትንሿ መቀስ መተርተር ጀመረች፣ ከፊቷ ያለው ክምር እየቀነሰ ከሷ በኋላ ያሉት ልጆች ስራ ፈተው ተቀመጡ፣ እሱ መጥቶ ሲያይ እየሰፋች የነበረችው ልጅ እያፈረሰች ነው፣ ጮኸባት። ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ ሲላት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ "እህ" አለች። እዚህ ሀገር ይሄ አዎ ማለት ነው፣ እሱ ግን የናቀችው መሰለው፣ ሊያባርራት ፎርም ሊያስሞላ ቢሮ መጣ። እኔ ሁለቱንም ስለማውቅ ነው የዛን ቀን ልጅቷ ከስራ ያልወጣችው። እኔ ባልኖርበት ቀንስ? ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፣ ጥፋቱ ከሀገሩ ሲመጣ አንድ ሳምንት ቋንቋና ባህል ያላስተማረው ድርጅት ነው፣ እኔንም ጨምሮ ማለቴ ነው፣ እኔ እኮ ማናጀር ነበርኩ፣ ላደርገው እችል ነበር፣ ታርጌት ታርጌት ስል አላደረኩትም።

ሌላው ነገር ደሞዝ ነው። ስብሰባ ላይ ሁሌ የሚነሳው ሰራተኛው ይለቃል፣ ዲሲፕሊን የለውም፣ የስራ ባህል የለም ነው። ይሄን ወሬ ስምንት አመት ሙሉ ሰምቼ ጆሮዬ ደክሟል። በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሀዋሳ ፓርክ የጀማሪ ሰራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነው ብሎ ነበር፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 750 ብር ግድም፣ ባንግላዴሽ ደግሞ በዛው ጥናት 95 ዶላር። ያቺ ልጅ ከሶስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር፣ ሁለት ፍራሽ ነው ያላቸው፣ የማታ ሺፍት የገባችው ስትመለስ የጠዋቷ ከፍራሹ ትነሳላታለች። ከገጠር ስትመጣ ቤተሰቦቿ ብር ትልካለች ብለው ነበር፣ እነሱ ናቸው ጤፍና ሽሮ የሚልኩላት። እንዲህ ሆና ጠዋት ሰርቪስ ሳያመልጣት የምትመጣን ልጅ የስራ ባህል የላትም የሚል ሰው የስራ ባህል ምን እንደሆነ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ደሞ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። እኔ ደሞዜ በዶላር ነው። ሳልተኛ ሳልነሳ፣ አንድ ሸሚዝ ሳልጨምር፣ ደሞዜ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ የልጅቷ ደሞዝ ግን ዘይትና የቤት ኪራይ ሲጨምር ባለበት ቆመ። በዛ ወር ደሞዝ ስፈርም እጄ ከበደኝ። የመንግስት ሰራተኛ ደሞዝ ተሻሽሏል፣ ጥሩ ነው፣ የግሉ ግን እስካሁን ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ አዋጁ ከወጣ ስንት አመቱ ነው? እኛ ፋብሪካዎቹ ወለል ከተቀመጠ ገዢ ይሸሻል እያልን እናስፈራራለን፣ ገዢ ግን በርካሽ ደሞዝ አይያዝም። አሜሪካ በታህሳስ 2014 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ደሞዛችን ያው ዝቅተኛው ነበር፣ አላዳነንም፣ ትልልቅ ገዢዎች ሄዱ፣ ላይኖች ተዘጉ፣ ኦፕሬተር አድርገን ያሰለጠንናት ስንቷ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ገጠር ተመለሰች፣ ስንቷ ደሞ ወደ አረብ ሀገር ሄደች። አሁን በስልክ የሚደውሉልኝ አሉ፣ ቤሩት ሆነው።

በታህሳስ 2018 የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ አዲስ አበባ መጥተው ፓርላማ ንግግር ሲያደርጉ እኛ ካፍቴሪያ ውስጥ ቲቪ ከፍተን አየን፣ ግንኙነቱም ወደ ስትራቴጂያዊ አጋርነት አደገ ተባለ። ኮራሁ፣ አልዋሽም። የሁለቱ ሀገር ባንዲራ አንድ ላይ ሲውለበለብ አባቴ ቢያይ ኖሮ ብዬ አይኔ እንባ ሞላ። ግን እዛው ጠረጴዛ ላይ አራት ህንዶች ለብቻችን፣ ኢትዮጵያውያኑ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበርን፣ ማንም አልከለከለንም፣ ዝም ብሎ እንደዛ ለምዶብን ነው። አጋርነቱ እዛች ካፍቴሪያ ውስጥ ካልገባ ለኔ ገና ነው።

አሁን ያ አንባቢያችሁ ያላነሱትን ልንገራችሁ። የኢንቨስትመንት አዋጁ፣ 1180/2012፣ የውጭ ዜጋ የቀጠረ ባለሀብት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አሰልጥኖ የመተካት ግዴታ አለበት ይላል። የስራ ፈቃዳችን በየአመቱ ሲታደስ የሚታሰበው ይሄ ነው። እኔ ባየሁት ግን የተተኪ ስም ወረቀት ለመሙላት ብቻ ይፃፋል። አንዳንዴ የሚፃፈው ሰው ራሱ ስሙ እንደተፃፈ አያውቅም። እኔም አራት ጊዜ ፈርሜያለሁ እንደዚህ፣ አራቱንም አመት በስሜ የተመዘገበው ተተኪ ከመጋዘን ወጥቶ ፕሮዳክሽን እግሩን አልረገጠም። ይሄን የምፅፈው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። አባቴ አስር አመት ሙሉ የሚተካውን ሰው እያሳደገ ኖረ፣ እኔ አራት አመት በወረቀት ተተካሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኞቻችሁ ፓርኮቹን ሲጎበኙ ስንት የስራ ዕድል ተፈጠረ ብለው ብቻ አይመለሱ። ከአምስት አመት በፊት የውጭ ሰው የያዘው ወንበር ላይ ዛሬ ማን ተቀምጧል ብላችሁ ጠይቁ፣ ስሙን ጥሩት አምጡት በሉ፣ ሰውየው ጋ ሄዳችሁ ምን ምን እንደተማረ ራሱን አነጋግሩት። ለህንዳውያን ባልደረቦቼም በዚህ አጋጣሚ፣ እባካችሁ ቢያንስ "እንደምን አደራችሁ" በሉ፣ እየተሳሳታችሁም ቢሆን በሉት፣ የዛን ቀን ላይኑ ላይ የምታዩት ፊት ሌላ ነው።

ኮሌታ የተረተረችው ልጅ አልወጣችም ብያችኋለሁ። ማታ ማታ ዲፕሎማዋን ጨርሳለች፣ ከኦፕሬተር ወደ ኳሊቲ፣ ወደ ጥራት ቁጥጥር ማለት ነው፣ ከኳሊቲ ወደ ላይን ሱፐርቫይዘር አድጋለች፣ ከዓመት ተኩል ወዲህ ደግሞ የዕቅድ ስራውን ከኔ ጋር ቁጭ ብላ ትሰራለች፣ የማሽን አደላደሉን ከኔ በተሻለ ታውቀዋለች፣ የትኛዋ ልጅ የትኛው ማሽን ላይ እንደምትፈጥን በስም ታውቃለች፣ ላይኑ ላይ አትጮህም። ዘንድሮ የስራ ፈቃዴ እድሳት ሲመጣ ድርጅቱን አታሳድሱልኝ አልኩና ተተኪ የሚለው ቦታ ላይ ስሟን ፃፍኩ፣ ጠርቼም አሳየኋት። አነበበችው፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ "እህ" አለች። ሐምሌ አንድ ቀን የጠዋቱን ሺፍት የምትከፍተው እሷ ናት፣ ደሞዟ ግን የኔ ወንበር ላይ ተቀምጣም ከኔ በምን ያህል እንደሚያንስ እስካሁን አልተነገራትም፣ ከመሄዴ በፊት ይሄንን በፅሁፍ እንዲሰጧት እየታገልኩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከኢንዱስትሪ ፓርክ