የእንቁራሪቱን ነገር ተወው ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነህልኝ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደሴ ብርዱ ገብቷል፣ ጦሳም እስከ ረፋድ ጉም ለብሶ ነው የሚቆየው።

እሁድ በስልክ "ጓደኛዬ ወስዶት ቀለለኝ ብሏል፣ እኔም ቅዳሜ እወስዳለሁ" ያልከኝ "ካምቦ" እንቅልፍ ነሳኝ። እህትህን አስቀምጬ የተጻፈውን ሁሉ አስነበብኳት። የአማዞን ጫካ እንቁራሪት ነው አሉ። ማትሴስ የሚባሉት የዚያ አገር ሰዎች ከቆዳው የሚወጣውን ፈሳሽ ለአደን ሲዘጋጁ ይጠቀሙበታል። የእነሱን ባህል አልነቅፍም። ሜልቦርን ውስጥ ግን አንዱ ተነስቶ የልጄን ቆዳ በእሳት ነጥብ ነጥብ አድርጎ አቃጥሎ፣ ቁስሉ ላይ መርዝ ሲቀባ ዝም አልልም።

ልብህ ይደልቃል፣ ፊትህ ያብጣል፣ ከዚያ ታስመልሳለህ። "ቆሻሻው ወጣ" ይሉሃል። ምኑ ወጣ? ያጠጡህ ውሃና ሐሞትህ ነው። እኔ ኮሶ እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እናቴ በየሁለት ወሩ ቆጥራ ታጠጣን ነበር፣ እንዴት እንደሚያንገፈግፍ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ኮሶ ግን የሚያወጣው ነገር ነበረው፣ ትሉን በዓይናችን እናየው ነበር። እሱም ቢሆን ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ጤና ጣቢያ ኪኒን መስጠት ሲጀምር እናቴ ራሷ ናት የተወችው።

ከሁሉ ያስፈራኝ ውሃው ነው። ሳይቀቡህ በፊት በሊትር ያጠጡሃል፣ መርዙ ደግሞ ሰውነት ውሃውን በሽንት እንዳያስወጣ ይይዘዋል ይላሉ ሐኪሞች። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይወርዳል፣ አንጎል ያብጣል፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። እንዲህ ሆነው ሆስፒታል የገቡ አሉ። ካምቦ ወስደው የሞቱም አሉ። ያለህበት አገር መንግሥት እኮ በፈረንጆቹ 2021 ከአደገኛ መርዞች ተርታ አስገብቶ ከልክሎታል! አንተ ደግሞ የግፊት መድኃኒት የምትውጥ ልጅ ነህ። ይሄን ለሚቀባህ ሰው ነግረኸዋል?

ጓደኛህ "ቀለለኝ" ማለቱን አምናለሁ። ያን ያህል ተሰቃይቶ ሲያበቃለት የማይቀለው ማን አለ?

ሥራ ከለቀቅክ ወዲህ ድምፅህ ልክ አይደለም። እናት ነኝ፣ ይሰማኛል። ለዚያ ሐኪም አለ፣ ሂድና የከበደህን ሳትደብቅ ንገረው፣ ነውር የለውም። የቅዳሜውን ቀጠሮ ግን ሰርዝልኝ። በዚያ ሰዓት ቡና አፈላለሁ፣ ደውልልኝ፣ ከአቦል እስከ በረካ እሰማሃለሁ። አብሽር ልጄ።

እናትህ፣ ከደሴ