እኔ ታምሜ የእሷ ደሞዝ ለምን ይቆረጣል?

ውድ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፈው ሞግዚት ቀጥረን ሥራ ለምንውል እናቶችና አባቶች ነው። ለሞግዚቶቹም ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ሳል ያዘኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በሻይ ስጠጣ ከረምኩ። ሁለት ሳምንት አልፎት ሌሊት ሌሊት ላብ ሲያጠምቀኝ ግን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አክታ ስጪ ተባልኩ። ውጤቱ እስኪደርስ ከልጅሽ ራቅ በይ፣ ጭምብል አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ አሉኝ። ቤት ስደርስ ሞግዚታችን ልጄን ገንፎ እያበላች ነበር። በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። «ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እስኪታወቅ ቤትሽ ሁኚ» አልኳት። ማንኪያውን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ በሽታው አልነበረም። «እትዬ፣ ደሞዜ ይቆረጣል እንዴ?» ነው ያለችኝ።

እኔ ያን ቀን ጠዋት መሥሪያ ቤት ደውዬ ቀርቼ ነበር። ደሞዜ ይቆረጥ ይሆን ብዬ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አንድ ወር ሙሉ ደሞዙን፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ያገኛል። ታማሚዋ እኔ፣ ተከፋይዋም እኔ። እሷ ጤነኛ ናት፣ ሥራዋን መሥራት ትፈልጋለች፣ የቀረችው በእኔ ሳል ምክንያት ነው፤ ሆኖም የምታጣው እሷ ልትሆን ነው። አዋጁ በግለሰብ ቤት ተቀጥራ የምትሠራን ሴት አይመለከትም። ስለ እሷ የሥራ ሁኔታ ደንብ እንዲወጣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው የተወው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪዋ ጋር የምትኖር ሠራተኛ ጤና እንዲጠበቅ ያዛል። የእኔዋ ግን ተመላላሽ ናት።

ውጤቱ መጣ፤ ቲቢ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ተሰጠኝ፣ ስድስት ወር የሚወሰድ ነው። ነርሷ እቤት አብሮሽ ማን አለ ስትል ባሌንና ልጄን ቆጠርኩላት። «ልጁን ቀን ማን ነው የሚይዘው?» አለችኝ። አፈርኩ። በቀን አሥር ሰዓት እቤቴ የምትውለውን ሰው ረስቻት ነበር። እሷም ተጠርታ ተመረመረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነፃ ሆነች። ልጄ ከ5 ዓመት በታች ስለሆነ መከላከያ መድኃኒት ጀመረ።

ቲቢው መድኃኒት የተላመደ፣ ማለት መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ካልሆነና መድኃኒቱ በአግባቡ ከተወሰደ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ይቆማል። ስለዚህ ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ልጁን ያዘ፣ እሷ ደግሞ ቤቷ ቆየች። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ግማሹን ብንከፍላትስ?» ብሎ ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ኑሮው ይታወቃል፣ የእኛም ወር ከ20 በኋላ ይጎተታል። ግን ቁጭ ብለን ስናስበው ግማሽ ደሞዝ ማለት ለእሷ የቤት ኪራይ ማለት ነው። እናቷንም የምትረዳው በዚያው ነው። ሙሉውን ከፈልናት።

ይህን ለጎረቤት ሳወራ «ላልሠራችበት እንዴት ይከፈላል?» የሚል ብዙ ሰው ገጠመኝ። እኔ የምለው፣ ያልሠራችው እኛ አትምጪ ስላልናት ነው። በራሷ ጉዳይ ቀርታ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ደሞዟ እንደሚቆረጥ ያወቀች ሞግዚት ትመጣለች፤ አትምጪ ብትባልም «ግድ የለም፣ እኔ ምንም አልሆንም» ብላ ትመጣለች፣ ከዚያ ማታ በታክሲ ተጠጋግታ ተሳፍራ ወደ ልጆቿ ትገባለች። ገንዘቡን የምንከፍለው ለእሷ ብቻ አይደለም። በኮሮና ጊዜ፣ በመጋቢት 2012 የመጀመሪያው ሰው አገራችን ውስጥ መያዙ ሲነገር፣ ከማውቃቸው ቤቶች ሁለቱ ሞግዚቶቻቸውን በዚያው ሳምንት ያለ ምንም ክፍያ ሸኝተዋል። አንዷ ለመሳፈሪያ ተበድራ ነው የሄደችው። ያኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን መደበቁ ነው። ክፍያውን ለመሸሽ ወይም ሠራተኛዋ ትሄድብናለች ብለን ሳላችንን «አለርጂ ነው» የምንል አለን። እሷ የሰው ልጅ አቅፋ ስትውል ምን እንደምትተነፍስ የማወቅ መብት አላት። ስትቀጠር የጤና ምርመራ ወረቀት አምጪ እንላት የለ?

እኛ አሁን ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ተፈራርመናል። ከቤታችን ሰው ተላላፊ ሊሆን የሚችል በሽታ ከተጠረጠረ በዚያው ቀን እንነግራታለን። እንድትቀር ካልናት ውጤቱ እስኪታወቅና ሐኪም ይበቃል እስኪል ድረስ ሙሉ ደሞዟ ይከፈላል፣ ከዕረፍት ቀኗም አይቀነስም። ከእኛ ይዟት ከታመመች የሕክምናውን እኛ እንችላለን። የቀጠርናት በደላላ ስለነበር ከዚያ በፊት በመካከላችን የተጻፈ ነገር አልነበረም። የሚመለከታቸው ክፍሎች የቤት ሠራተኞችን ደንብ ሲሠሩ ይህችን ነጥብ በግልጽ እንዲያስገቧት እለምናለሁ፤ በእኔና በባሌ ደግነት መንጠልጠል የለባትም።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ተመላላሽ የሆነችው ቤቷ ትቆያለች። እዚያው አዳሪ የሆነችውስ? ክፍሏ ከእኛው ኮሪደር ነው፣ አገር ቤት ትሂድ ቢባል በሽታውን ይዛ ልትሄድ ትችላለች፣ ዘመድ ቤት የሌላት ደግሞ ብዙ ናት። አዳሪ ሠራተኛ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ አዳሪ ሆናችሁ የሠራችሁ አንባቢዎች፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልን እጠብቃለሁ።

የአንድ ልጅ እናት
ከአዲስ አበባ